ለፊልም ማስተርስ ማመልከትና መመረቅ፦ ከመመረቂያው ተነሥቶ ወደ ማመልከቻው የሚመለስ የአሠራር መመሪያ

በአሜሪካ በፊልም ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ምን ሰነድ ያስፈልጋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መቅደም የነበረበት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም «ዲግሪውን የሚሰጡኝ ምን ሠርቼ ሳስረክብ ነው?» የሚለው ነው። ሦስት ዓመትና አንድ የመመረቂያ ፊልም የሚጠይቅ ፕሮግራም፣ አንድ ዓመትና አንድ የጥናት ጽሑፍ ከሚጠይቀው ፕሮግራም የሚፈልገው አመልካች ለየቅል ነው። ገንዘቡም፣ የቪዛው ጉዳይም፣ በማመልከቻው ላይ የሚቀርበው የፈጠራ ሥራም የሚወሰነው በዚሁ መልስ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመውጫው በር ይጀምራል።

1ኛ ደረጃ፦ የዲግሪውን ዓይነት ይለዩ

«ፊልም እማራለሁ» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ኤም ኤ የሚባለው ዲግሪ በአብዛኛው ፊልምን ማጥናት፣ መተንተንና ስለ ፊልም መጻፍ ሲሆን፣ ኤም ኤፍ ኤ ወይም ማስተር ኦፍ ፋይን አርትስ የሚባለው ደግሞ ፊልም መሥራት ነው። በኒው ዮርክ የሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ጎን ለጎን ስለሚያስተምር ለማነጻጸር ይመቻል፤ የፊልምና ሚዲያ ጥናት ኤም ኤው 30 ክሬዲት ሲጠይቅ፣ የፊልም ኤም ኤፍ ኤው 60 ይጠይቃል። ኤም ኤፍ ኤ በአሜሪካ አሠራር የዘርፉ የመጨረሻ ዲግሪ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ያንን የያዘ ሰው ዶክትሬት ሳይኖረው በዩኒቨርሲቲ የፊልም ሥራን ለማስተማር መወዳደር ይችላል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ፣ በተለምዶ ዩ ሲ ኤል ኤ ከሚባለው፣ የተቀበሉት ይህንኑ ዲግሪ ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለዓሥርት ዓመታት አስተምረዋል።

ፍላጎትዎ ስለ ፊልም መጻፍና መመራመር ከሆነ ኤም ኤፍ ኤ ውድና ረጅም ዙሪያ ጥምጥም ነው። ፍላጎትዎ መሥራት ከሆነ ደግሞ ኤም ኤ በአጭር ጊዜ ቢያልቅም ካሜራውንና ተዋናዩን ብዙም አያገኙበትም። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት የፊልም ሁለተኛ ዲግሪ ስለሚያስተምር፣ ባሕር ከመሻገር በፊት የዚያን ሥርዓተ ትምህርት ማየት አይከፋም።

2ኛ ደረጃ፦ የመመረቂያ መስፈርቱን ከማመልከቻው በፊት ያንብቡ

የትምህርት ቤቶቹን የተማሪ መመሪያ መጽሐፍ ፈልገው የመመረቂያ መስፈርቱን የያዘውን ምዕራፍ በጥሞና ያንብቡ። የሚያምረው የማስተዋወቂያ ገጽ የማይናገረው ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ኮሎምቢያን እንደገና እንውሰድ። ሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት የመደበኛ ትምህርት ዓመታት ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት የወደፊት ዳይሬክተሩም ስክሪፕት ጸሐፊውም አንድ ላይ ሆነው ዝግጅት (ፊልም ዳይሬክት ማድረግ)፣ ድርሰትና ፕሮዳክሽን ይማራሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎም ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ የሚደርሱ ልምምድ ፊልሞችም ይሠራሉ። ውጤቱ በማለፍና በመውደቅ እንጂ በኤ፣ በቢ አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ተማሪው የመመረቂያ ሥራውን ለመጨረስ ተጨማሪ ዓመታት የሚፈቀዱለት ሲሆን፣ ከመግቢያው ጀምሮ በጠቅላላው ከአምስት ዓመት ማለፍ አይችልም። ዳይሬክተር የሚመረቀው በአጭር ፊልም ነው፤ ጸሐፊ የሚመረቀው ደግሞ በጽሑፍ ሥራ፣ ለምሳሌ በሙሉ ፊልም ስክሪፕት ነው። «የሁለት ዓመት ትምህርት» ብሎ የገባ ሰው በአራተኛው ዓመት ገና ኤዲቲንግ ላይ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ተማሪ የሚያልቅበት ገንዘቡ ብቻ አይደለም።

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ ዩ ኤስ ሲ የሚባለው፣ ሌላ ዓይነት ነው። የፕሮዳክሽን ኤም ኤፍ ኤው 52 ክሬዲት ሆኖ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ተማሪው በመጀመሪያው ሴሚስተር በራሱ የሚያዘጋጃቸውን አጫጭር ፊልሞች ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው በቡድን ስለሚሆን አንዱ ሲያዘጋጅ ሌላው ይቀርጻል፣ ሦስተኛው ድምፅ ይይዛል። የአሜሪካ የፊልም ተቋም ኮንሰርቫቶሪ፣ በአጭሩ ኤ ኤፍ አይ፣ ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻ የሚወስድ ቢሆንም አመልካቹ ከስድስቱ ሙያዎች ማለትም ከዝግጅት፣ ከሲኒማቶግራፊ፣ ከኤዲቲንግ፣ ከፕሮዲዩሲንግ፣ ከፕሮዳክሽን ዲዛይንና ከስክሪፕት ጽሕፈት አንዱን ገና በማመልከቻው ላይ መርጦ ይገባል። ከገቡ በኋላ «ሐሳቤን ቀይሬአለሁ» ማለት እንደ ሌላው ትምህርት ቤት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ባለሙያ ግን ይኸው ተቋም አንድ በር ከፍቷል፤ ትምህርቱን ጨርሶ ከዲግሪው ይልቅ የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ማግኘት ይችላል።

ሲያነቡ አራት ነገሮችን በማስታወሻ ይያዙ፤ የክሬዲቱን ብዛት፣ የመመረቂያ ሥራውን ዓይነት፣ ዲግሪውን ለመጨረስ የተወሰነውን የጊዜ ጣሪያ፣ እንዲሁም የተማሪ ፊልም ወጪ የማን እንደሆነ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥ ይረሳል። ትምህርት ቤቱ ካሜራና መብራት ቢያውስም ለተዋናይ ምሳ፣ ለመኪና፣ ለቦታ ኪራይና ለድምፅ ማስተካከያ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው ከተማሪው ኪስ ነው፤ ይህም በማመልከቻው ገጽ ላይ ከሚታየው የትምህርት ክፍያ ውጪ ነው። የፊልሙ የቅጂ መብት የትምህርት ቤቱ ይሁን የተማሪው መሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ ይጠይቁ፤ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያልና።

3ኛ ደረጃ፦ ገንዘቡን በሐቀኝነት ያስሉ

ኮሎምቢያን፣ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲንና ኤ ኤፍ አይን በመሳሰሉት የግል ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር ያልፋል፤ የኑሮው ወጪ ከዚህ ውጪ ነው። የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ይሻላሉ፤ ሆኖም በካሊፎርኒያ የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ያልሆነ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል፣ በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰውም ዓመታት ቢቀመጥ እንደ ነዋሪ አይቆጠርለትም። በአንጻሩ በዲቪ መጥቶ አስቀድሞ እዚያው የኖረ ሰው የነዋሪነት መስፈርቱን ካሟላ ያ ተጨማሪ ክፍያ ይቀርለታል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች የፌዴራል ብድር አለ፤ ግን ደንቡ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች «ግራድ ፕላስ» የተባለው ብድር ቀርቶ፣ እንደ ፊልም ባሉ ፕሮግራሞች ያለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ እስከ 100,000 ዶላር ብቻ ሆኗል። ቀድሞ «ቀሪውን ብድር ይሸፍነዋል» ይባል የነበረው ስሌት ስለዚህ አይሠራም። የኔ ምክር የማስተማር ረዳትነት፣ ማለትም መምህር እያገዙ የትምህርት ወጪን የሚያቃልሉበት ሥራ፣ የሚሰጡ ፕሮግራሞችን ከዝርዝሩ አናት ላይ ማስቀመጥ ነው። በፊላደልፊያ የሚገኘው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲና በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ስማቸው እንደ ሆሊውድ ጎረቤቶቹ ባይገንም በዚህ ረገድ ሊታዩ ይገባል። ዕዳ የሌለበት ዳይሬክተር የመጀመሪያ ፊልሙን ቶሎ ይሠራል፤ ዕዳ ያለበት ግን ለዓመታት የሰው ማስታወቂያ ሲያርም ይኖራል።

4ኛ ደረጃ፦ የቀን መቁጠሪያውን ወደ ራስዎ ይመልሱ

ትምህርቱ በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር ይጀምራል። ማመልከቻው የሚዘጋው ግን ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ትምህርቱ ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት መነሣት አለበት። ቃለ መጠይቁ በፌብሯሪና በማርች ይደረጋል። የገንዘብ ድጋፍ የተሰጠው ሰው ምላሽ የሚሰጥበት ቀን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ነው።

ሰዓቱም ያሳስታል። የኒው ዮርክ ትምህርት ቤት ማመልከቻውን ዲሴምበር 1 እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው የሚዘጋ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ኅዳር 22 አልፎ ኅዳር 23 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። ይህ ትርፍ ሌሊት መስሎ ቢያጓጓም ኢንተርኔት የሚጠፋው ሁልጊዜ በዚያች ሌሊት ስለሆነ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመው ያስገቡ።

5ኛ ደረጃ፦ የትምህርት ማስረጃዎችን ያሟሉ

የመጀመሪያ ዲግሪው በፊልም እንዲሆን አይጠበቅም፤ በሕግ፣ በነርሲንግ ወይም በምህንድስና ቢሆንም ይቀበሉታል፤ እንዲያውም ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው የሚናገረው ታሪክ እንዳለው ብዙዎቹ ያምናሉ። ጂ አር ኢ የተባለው ፈተና ደግሞ በአብዛኞቹ የፊልም ኤም ኤፍ ኤ ፕሮግራሞች አይጠየቅም፤ ያ ገንዘብ ለሌላ ነገር ይቆይ።

ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ እንዲላክ ይጠየቃል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ግዴታውን ካልከፈለ ወይም ካልተስማማ ዋናውን ማስረጃ ለማግኘት ስለሚቸገር፣ ይህን ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ ይጨርሱ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውጤቱን ራሳቸው ይመዝናሉ፤ ሌሎች ደግሞ እንደ ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ያለ ገምጋሚ ድርጅት እንዲመዝነው ይጠይቃሉ፣ ያም ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ ጉዳዮች ብዙ ማመልከቻ ያዘገያሉ። አንደኛው ዘመኑ ነው፤ ትራንስክሪፕትዎ ላይ የተጻፈው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በእንግሊዝኛው ቅጽ ላይ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ካልመለሱት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ክፍተት ይፈጠርና አንባቢው ግራ ይጋባል። ሁለተኛው ስም ነው፤ ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ስም የጻፈ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ፓስፖርቱ እንዴት እንደጻፈው ይዩና ፊደሉን ሳይለውጡ በሁሉም ቦታ ያንኑ ይጠቀሙ።

የእንግሊዝኛ ፈተናን በተመለከተ ብዙ ኢትዮጵያውያን «የተማርኩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አይመለከተኝም» ብለው ይሳሳታሉ። የዩ ሲ ኤል ኤ ደንብ ለምሳሌ ከፈተናው ነፃ የሚያደርገው በአሜሪካ ወይም እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት መነጋገሪያም በሆነበት አገር የተማረን ሰው ስለሆነ፣ የአዲስ አበባም ሆነ የባሕር ዳር ዲግሪ አይበቃም። እዚያ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ውጤት በቶፍል (በቀድሞው የ120 ነጥብ መለኪያ) 87፣ በአይ ኢ ኤል ቲ ኤስ 7.0 ነው፤ ሌሎች ከዚህ ከፍ ያደርጉታል። የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት መሆኑንም አይርሱ።

6ኛ ደረጃ፦ የፈጠራ ሥራዎችን ያዘጋጁ

መግቢያውን የሚወስነው ይህ ነው፤ ከዝግጅት ጊዜዎ ግማሹን የሚወስደውም ይህ ሊሆን ይገባል። ከሞላ ጎደል ሁሉም የግል መግለጫ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በተጨማሪ እንደየትምህርት ቤቱ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ትዕይንት፣ የሙሉ ፊልም ትሪትመንት (የታሪኩ ማጠቃለያ)፣ ጥቂት ደቂቃ የሚሆን የምስል ሥራ ወይም የፎቶግራፍ ስብስብ ይመጣል። ገጹና ደቂቃው ተወስኖ ስለሚሰጥ ከተወሰነው አያሳልፉ።

ከግል መግለጫው እንነሣ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወዳለሁ» ብሎ የሚጀምር መግለጫ እንዳይጽፉ፤ በሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያላደገ ማን አለ? ለአንባቢው የሚጠቅመው ከዚያ ትዝታ ውስጥ ለእርስዎ ብቻ የሆነው ክፍል ነው። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ያልገባውን ፊልም ለጓደኞቹ በራሱ ታሪክ እየተካ ይተርክ የነበረ ልጅ ስለ ራሱ አንድ ነገር ተናግሯል፤ «ብዙ ፊልም አይቻለሁ» ያለው ግን አልተናገረም። ሌላው ወጥመድ ድህነትን መሸጥ ነው። የአገርን ችግር ለፈረንጅ አንባቢ እንዲያሳዝን አድርጎ ማቅረብ አንዳንዴ እንደሚያዋጣ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ ግን ከዚያ የሚተርፈው እርስዎ ራስዎ ሊሠሩት የማይፈልጉት ፊልም ነው ባይ ነኝ።

ትዕይንቱ ሲጻፍ ሁለቱ ሰዎች የሚፈልጉትን በቀጥታ እንዳይናገሩ ያድርጉ። ለምሳሌ እናትና ልጅ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛኑ አጠገብ ቆመዋል እንበል፤ ሻንጣው ሁለት ኪሎ በልጧል። ልጁ በርበሬውን ሊያወጣ ይላል፣ እናት መጽሐፎቹን አውጣ ትላለች። ስለ መለያየት አንድም ቃል አልተነገረም፤ ሆኖም ትዕይንቱ በሙሉ ስለ እሱ ነው። ሰምና ወርቅ በለመደ ቋንቋ ያደገ ጸሐፊ ይህን ከማንም መማር የለበትም፤ ችግሩ ማመልከቻ ላይ ሲደርስ ፈርቶ ወርቁን ፊት ለፊት ማውጣቱ ነው።

ትዕይንቱን በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ለሚያቀርብ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በእኛ ቋንቋ አንድ ሰው ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ሲወርድ ወይም ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» ሲሸሽ ትልቅ ነገር ሆኗል፤ በእንግሊዝኛው ግን ሁሉም አንድ ቃል ስለሆነ ያ ለውጥ ይጠፋል። ስለዚህ በቃል የተደረገውን ለውጥ በድርጊት ይተኩት፦ ከመቀመጫ በመነሣት፣ ጽዋውን በመግፋት፣ እጅ ለመጨበጥ ባለመዘርጋት። ከዚያም እንግሊዝኛው የአፍ መፍቻው የሆነ፣ አማርኛ የማያውቅ ሰው ያንብበውና የገባውን መልሶ ይንገርዎ።

ትሪትመንት የታሪኩ ማጠቃለያ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። መጨረሻውን ደብቆ «ምን ይሆን?» ብሎ የሚዘጋ ጽሑፍ ለፊልም ፖስተር እንጂ ለመምህራን ኮሚቴ አይሆንም፤ ታሪኩ በአሁን ጊዜ ግስ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይተረክ።

የምስል ሥራን በተመለከተ በአገር ቤትም በውጭም ያሉ ብዙዎቹ የእኛ ባለሙያዎች እንጀራቸው ሠርግ፣ ማስታወቂያና የሙዚቃ ክሊፕ ነው። እነዚህ የእጅ ብቃትን ያሳያሉ፤ ይሁን እንጂ ኮሚቴው የሚፈልገው ድሮን ማብረር መቻልዎን ሳይሆን ምን ማየት እንደሚመርጡ ነው። በስልክ የተቀረጸ፣ አያትን ቡና ሲያፈሉ በትዕግሥት የሚመለከት አራት ደቂቃ፣ በኪራይ መብራት ካሸበረቀ ክሊፕ ሊበልጥ ይችላል። ሥራው የቡድን ከሆነ የእርስዎ ድርሻ ምን እንደነበር በግልጽ ይጻፉ፤ ካሜራማን ሆኖ ሠርቶ «የእኔ ፊልም» ማለት ሲታወቅ ማመልከቻውን በሙሉ ያስጥላል። አማርኛ ንግግር ካለበት የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ምስሉ ላይ ይታተም፤ ሊንኩም በሌላ ሰው ስልክ ተከፍቶ ይፈተሽ።

7ኛ ደረጃ፦ የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ

ብዙውን ጊዜ ሦስት ደብዳቤ ይጠየቃል። የሚኒስትር ፊርማ ካለበት አጠቃላይ ምስጋና ይልቅ፣ አብሮዎት ቀረጻ ላይ ያደረ ፕሮዲዩሰር ወይም ጽሑፍዎን ያረመ መምህር በዝርዝር የጻፈው ይበልጣል። ደብዳቤው በቀጥታ ከጸሐፊው ስለሚላክ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይጠይቁ፤ የተቋም ኢሜይል ካላቸው ያንኑ ያስመዝግቡ፤ መልእክቱ ወደ ስፓም መግባት አለመግባቱንም በትሕትና ያስታውሷቸው። መምህርን ሁለት ጊዜ ማስታወስ ነውር አይደለም።

ለቃለ መጠይቅ መጠራት ማለት ጽሑፉ አልፏል ማለት ነው። በአብዛኛው በቪዲዮ ሆኖ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። በቅርብ ስላዩት ፊልም፣ ከቡድን ጋር ሲጋጩ ምን እንደሚያደርጉ፣ ካስገቡት ትሪትመንት ውስጥ ምን እንደሚለውጡ ይጠየቃሉ። ያቀረቡትን ሥራ ማስታወስ ስላለብዎት ከፊትዎ ያስቀምጡት፤ መብራት ቢጠፋ የሚቀጥሉበትን የስልክ ዳታም አስቀድመው ይሙሉ።

8ኛ ደረጃ፦ ከተቀባይነት እስከ ቪዛ

ተቀባይነት ያገኘ የውጭ ተማሪ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን የገንዘብ ማስረጃ ያቀርባል፤ ስፖንሰሩ ዘመድ ከሆነ የባንክ መግለጫና የድጋፍ ቃል ይጨመራል። ትምህርት ቤቱ አይ-20 የተባለውን የተቀባይነት ማረጋገጫ ቅጽ ሲልክ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት 350 ዶላር ይከፈላል፣ ዲ ኤስ-160 የተባለው የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ይሞላል፣ ለኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ተከፍሎ በኤምባሲው ቀጠሮ ይያዛል። ቆንስሉ የሚጠይቀው «ለምን ፊልም? ከዚያስ?» ብሎ ነውና መልሱ አጭርና እውነተኛ ይሁን፤ ከግል መግለጫው ጋርም ይስማማ።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር የሚያገለግል ሆኗል። ሦስት ወሩ የመግቢያው እንጂ የቆይታው ገደብ አይደለም፤ ተማሪው ደረጃውን እስከጠበቀ ድረስ ትምህርቱን ይቀጥላል። ሆኖም ለክረምት አገር ቤት የሄደ ሰው ለመመለስ እንደገና ቪዛ መጠየቅ አለበት። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል ከጉዞ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ይመልከቱ። ይህ ጉዳይ በቀጥታ የመመረቂያውን ፊልም ይነካል፤ ወደዚያው እንመለሳለን።

9ኛ ደረጃ፦ በትምህርት ላይ ሳሉ ዲግሪውን እንዳያጡት

ዝቅተኛው አማካይ ውጤት በዩ ኤስ ሲና በዩ ሲ ኤል ኤ 3.0 ነው። በኤፍ-1 ያለ ተማሪ ደግሞ በየሴሚስተሩ ሙሉ ጊዜ መመዝገብ አለበት፤ በትምህርት ወቅትም በግቢው ውስጥ ብቻ፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት ሳይበልጥ መሥራት ይፈቀድለታል። እዚህ ላይ ለእኛ ልጆች የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ የሚቀርጽ ካሜራማን አይጠፋም፤ ተማሪው ያለ ሥራ ፈቃድ በክፍያ ቀረጸ ማለት ግን የቪዛ ደረጃውን አፈረሰ ማለት ነው፣ ገንዘቡ በካሽ መሰጠቱም ነገሩን አይለውጠውም። ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ የሥራ ልምምድ ካገኙ አስቀድመው ከትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ፈቃድ ያውጡ።

በሌሎች ተማሪዎች ፊልም ላይ መሥራት የደግነት ሥራ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው አለ። በብዙ ፕሮግራሞች የክፍል ግዴታ ከመሆኑም በላይ፣ የእርስዎን የመመረቂያ ፊልም የሚሠራልዎት ቡድን የሚገነባው እዚያ ነው። በሁለተኛው ዓመት ለሌላው ድምፅ ያልያዘ፣ በሦስተኛው ዓመት የራሱን ድምፅ የሚይዝለት ያጣል።

10ኛ ደረጃ፦ የመመረቂያ ፊልሙን ያስረክቡ

አካሄዱ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ አማካሪ ወይም ኮሚቴ ይመረጣል፣ ስክሪፕቱ ይጸድቃል፣ በጀትና የቀረጻ ዕቅድ ይቀርባል፣ ከዚያ በኋላ የመሣሪያ ውሰት ይፈቀዳል። ስክሪፕቱ ሳይጸድቅ የተቀረጸ ፊልም ላይቆጠር ይችላል።

ብዙ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የመመረቂያ ፊልሙን አገር ቤት መቅረጽ ይመኛል። ምኞቱ መልካም ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ጥያቄ ይመልሱ። የትምህርት ቤቱ ኢንሹራንስ መሣሪያውን ከአሜሪካ ውጪ ይሸፍናል ወይ? ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዞ ማሳሰቢያ ከፍ ወዳለባቸው አገሮች ተማሪ በትምህርት ቤት ስም እንዳይሄድ ሊከለክሉ ስለሚችሉ ፈቃድ ይገኛል ወይ? ለመመለሻውስ ቪዛ ቀጠሮ በጊዜው ይደርሳል ወይ? ከሦስቱ አንዱ «አይደለም» ከሆነ ታሪኩን ወደ ዲሲ፣ ወደ ሲያትል ወይም ወደ ሎስ አንጀለሱ ትንሿ ኢትዮጵያ አምጡት። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለ ምግብ ቤት ጓዳም የራሱ ድራማ አለው፤ የምሽቱ ተራ አስተናጋጅም ሀገሩ ዶክተር የነበረ ሊሆን ይችላል።

ሙያተኛ ተዋናይ ከተጠቀሙ የተዋናዮች ማኅበሩ፣ ሳግ-አፍትራ፣ ለተማሪ ፊልም ያዘጋጀውን ውል ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ይፈርሙ። ሙዚቃን በተመለከተ የቆየ የአማርኛ ዘፈን «የሁላችን ነው» ተብሎ እንዳይገባ፤ በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብት አለው፣ ፈቃዱ ያልተገኘ ሙዚቃም ፊልሙን ከፌስቲቫል ያስወጣዋል። ከኤዲቲንጉ በፊት ፈቃዱን ይጠይቁ ወይም አዲስ ያሠሩ።

በመጨረሻው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ የመመረቅ ማመልከቻ ይሙሉ፤ ክሬዲቱ ስለሞላ ብቻ ዲግሪው በራሱ አይመጣም። የተጠናቀቀውን ፊልም ከስክሪፕቱ፣ ከውሎቹና ከሚጠየቀው የፕሮዳክሽን ሰነድ ጋር በተወሰነው ቅርጽ ያስረክቡ። በኤፍ-1 ያለ ተመራቂ በሙያው ለአንድ ዓመት እንዲሠራ የሚያስችለውን ኦ ፒ ቲ ለመጠየቅ ፕሮግራሙ ከሚያበቃበት ቀን 90 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ካበቃ በኋላም እስከ 60 ቀን ድረስ ብቻ ጊዜ አለው፤ በአይ-20ው ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን የፊልሙ ኤዲቲንግ ካለቀበት ቀን ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ ቅጹን ከማስገባትዎ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄደው ቀኑን ያረጋግጡ።